የልክ ደብተር

ከሙጋድ ቁልቁለት፣ ጨርቅ ተራ መሐል፣
የጋሽ ሙሄ ሲንገር፣ ማልዶ ይንኳኳል።
ጦሳ ከጉሙ ጋር፣ ገና ሳይላቀቅ፣
እኔ ካውያው ሥር ነኝ፣ ከሰል ሳሟሙቅ።
አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከኩታበር መጥቼ፣
ቁልፍ እተክላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ጥጉ የረገፈ፤
ከሥሩ አንድ ደብተር፣ ዳሩ የጎደፈ፤
የስንቱ ደሴ ሰው፣ ደረት ከነወገብ፣
እዚያ ሰፍሮ ያድራል፣ በቁጥር ሲነበብ።
ማዕረግ የለበትም፣ ስምና ቁጥር እንጂ፤
ከሊስትሮው ጎን ነው፣ ባለወፍጮው ሐጂ።

አንድ ሐሙስ ደበሌ፣ ባለ ሁለት አይሱዙ፣
ሱፍ ሊያሰፋ መጣ፣ ከነወዳጅ ጓዙ።
ሰላምታ ሲሰጡት፣ ይቆጥራል በጣቱ፣
ማን ዝቅ እንዳለለት፣ ማን እንዳለፈ ከፊቱ።
ሜትሩ ደረቱን፣ ገና ሳይዞረው፣
ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እንደ ጎማ ነፋው።
"ጻፍ!" አለ በዓይኑ፣ አፉ እንደታተመ፤
ጋሽ ሙሄ ጠበቁት፤ እሱ አልደከመ።
"ተንፍስ እንጂ ልጄ፤ ትንፋሽ አይሰፋም፤
ሲያስነጥስህ ይሄዳል፣ ለኮት አይበቃም።"

አልሰማም። እንዳበጠ፣ መቶ አራት ተጻፈ፤
በልጁ ሠርግ ታየ፣ ኮቱ ከረፈፈ።
ካዳራሹ መሐል፣ ሲተነፍስ እሱ፣
ሌላ ሰው ይጠብቃል፣ ኮቱ ለራሱ።

ሳቅኩ።
ሳቄ ሳያልቅ ግን፣ ተራው የኔ ሆነ።

ለዒድ ቀሚስ ብለው፣ ጨርቅ ገዝተው ነበር፤
ጦይባ ሚስታቸው፣ ልትለካኝ፣ ልትቆጥር፣
ሜትሯን በጀርባዬ፣ ስባ ዘረጋች፤
"ትከሻ..." አለችና፣ አንዴ ዝም አለች።
"የታለ ትከሻሽ? ወዴት ደበቅሽው?
እንደ ሰረቀ ሰው፣ ምነው አጎበጥሽው?"
"ለኔ ይበቃኛል"፣ አልኩ ተሽኮርምሜ፣
ማነስ ጽድቅ መስሎኝ፣ በማነስ ተሸልሜ።
ሥራሽ ያምራል ሲሉኝ፣ "ኧረ ምኑ ያምራል!"
እላለሁ፤ ጆሮዬ ግን፣ ሌላ ሙገሳ ይጠብቃል።

ጋሽ ሙሄ እርሳሱን፣ ከጆሯቸው አውርደው፣
"አብሽሪ" አሉኝ መጀመሪያ፣ ከዚያ ግን ተቆጥተው፦
"ያም አብጦ ዋሸኝ፣ አንቺም ተጨብጠሽ፤
ቀጥ በይ! ምኑን ልጻፍ፣ ልክሽን ሸሽገሽ?
'ልክሽን እወቂ'፣ የሚሉት ሲቆጡሽ፣
ጎንበስ በይ መሰለሽ? እውቀት እኮ ሰጡሽ።"

ቀጥ አልኩ፤ ጀርባዬ፣ እንደ በር ድምፅ አሰማ፤
"አርባ አንድ!" አለች ጦይባ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ከዚያ በኋላማ፣ ሐቁን ልናገር፣
ደበሌ ራሱ፣ እኔ ውስጥ ነበር።
ከኮሌታ በታች፣ ስሜን በክር ጠልፌ፣
"የኔ እጅ ነው!" ስል ከረምኩ፣ አላፊውን ለክፌ።
መስታወት ሳይ ስውል፣ ስፌት ተንጋደደ፤
ያንዷ መምህርት እጅጌ፣ አንዱ አጥሮ ሄደ።
መለሰችው።
ፈታሁት። ሌሊቱን፣ በኩራዝ ሰፋሁት።
ማንም አላየኝም።
ጠዋት ለብሳው መጣች፣ እጇን ዘርግታ፣
"አሁን ተስተካክሏል"፣ አለች ፈገግታ ሰጥታ።
ስሜን አልጠራሁም፤ ሥራዬንም አልካድኩት፤
"በደንብ ነው የሰፋሁት"፣ አልኩና ተውኩት።

ጋሽ ሙሄ አልፈዋል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤
አንዳንዴ እገልጠዋለሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ቀን ሲሆን ጭር ያለው።
"ሐዋ፣ ትከሻ አርባ አንድ"፤ እርሳሱ ደብዝዟል፣
ግን ይነበባል።
ከደበሌም ቁጥር ጎን፣ በደቃቅ እርሳስ፣
ሌላ ቁጥር አለ፦ "ዘጠና ሁለት፣ ሲተነፍስ።"
ለካስ በዓይናቸው፣ ለክተውት ኖሯል፤
አላዋረዱትም፣ ጽፈው ትተውታል።

ባለፈው ሳምንት መጣ፣ ያንኑ ኮት ይዞ፣
ጓዝ የለም፣ ብቻውን፣ ከዘራ ተመርኩዞ።
"ይጥበብልኝ" አለኝ፤ ቆሞ ተነፈሰ፤
እጄ ሜትሩን ትቶ፣ ደብተሩ ጋ ደረሰ።